ግማሽ ዙር

ቤታችን ጎማ አለው። የሰማ ይስቃል።
ጎረቤት ለመሠረት ጉድጓድ ይቆፍራል፣
የእኛ ግን በአራት ጎማ አየር ላይ ይውላል።

የመንገድ ድርጅቱ ሥራ ጨርሶ ሲሄድ
በሐራጅ አወጣው፣ ዋጋው ሲወርድ ሲወርድ፣
አዛናው ገዛና በተውሶ መኪና
አዘዞ ጥቁር አፈር ላይ አቆመው አምጥቶና
«ቋሚ ቤት ያፍነኛል» አለ ሳቅ እያለ።
ሠላሳ አንድ ዓመት መተማ ሰሊጥ ያመላለሰ ሰው፣
ምን ብዬ ልከራከር? ምን አማራጭ አለ?

ችግሩ መወዝወዙ ነው።
ድመት ስትዘልበት ይንቀጠቀጣል፣
በአስፋልቱ ሲኖትራክ ሽው ብሎ ሲያልፍ
ብርጭቆ ከብርጭቆ ጥርሱን ያፋጫል፣
ወጥ ላማስል ስቆም፣ ድስቱ እኔን ያማስላል።
የልጄ ልጅ ትርንጎ ፊደል ስትጽፍበት
«ሰ» ብላ ጀምራ «ሸ» ሆና ወጣችባት።

አንድ እሑድ እህቱ ሻይዋ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ፣
«ቤት ነው ታንኳ?» ብላ ወጣች።
አዛናው ያን ዕለት መፍቻውን አነሳ።

ወይራ ጠርቦ ሽብልቅ ከጎማ ጎማ መሃል
መዶሻ እየመታ ሰካ። ቀነሰ እንጂ አልቆመም።
አራት ክሪክ ገዝቶ በአራቱ ማዕዘን አቆመ፣
ዝናብ አንድ ሌሊት ጣለ፣
አፈሩ ክሪኮቹን እንደ ለጋ ቅቤ ዋጠ።
የውሃ ልኩ አረፋ ወደ በሩ ሸሸ።

ግንበኛው መኳንንት መጣ።
ዞረው። በትከሻው ገፋው። በእግሩ ነካ ነካ።
«ከታች ብቻ ደገፍከው፣ የሚወዘውዝህ ግን ከጎን ነው» አለ።
«ደግሞ አፍንጫው? ፔርኖው ባዶውን ተንጠልጥሎ!
አንገቱ ያልተያዘ፣ እግሩ ቢታሰር ምን ሊረባው?»

ማራኪ ብየዳ ቤት ሄደው
ባለ ሦስት እግር ድጋፍ ለአፍንጫው አሠሩ፣
ከማዕዘን ማዕዘን ፌሮ በሰያፍ አሰሩ፣
ከየክሪኩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ፣
ከድንጋዩ ሥር ጠጠር።
መጨረሻ ላይ መኳንንት ጮኸ፦
«አሁን ክሪኩን አንሳ፣
ባሌስትራው ክብደቱን ይርሳ!»

ማታ አዛናው ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣
በስልሳ አራት ዓመቱ ወለሉ ላይ ዘለለ።
ውሃው ዝም። እንደ ዓይን ዝም ብሎ አየን።
ትርንጎ አጨበጨበች።

ልናገር እንግዲህ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

ሁለት ክረምት ሙሉ ባሌን በወለሉ ሳነበው ነበር፦
ሁለት ትንንሽ ንቅናቄ፣ ተነሳ ማለት ነው፣
አንድ ረዥም ወደ ግራ፣ መስኮቱ ጋ ነው፣ መንገዱን እያየ ነው።
ጉልበቱ ሲያመው ቤቱ ያነክሳል።
ረዳቱ አበጀ ጭልጋ ቁልቁለት ላይ የቀረበት ቀን
በየዓመቱ ሲመጣ
ቤቱ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሕፃን አልጋ፣ ይወዛወዛል፣
እኔም ጀርባዬን ሰጥቼ የተኛሁ እመስላለሁ።
በቃል የነገረኝ ነገር የለም። አፉ ቤቱ ነበር።

አሁን እጄን ብዘረጋ ቦታው ባዶ፣ አንሶላው ቀዝቃዛ።
የት አለ? ወለሉ አይናገርም።
ግንብ ሆኗል።
ጎንደር ግንብ መቼ አነሳት፣ አንድ ለእኔ ተጨመረ።

በአራተኛው ቀን ገበያ ሲወርድ
መፍቻውን ይዤ ከቤቱ ሥር ገባሁ፣
በኋላ በቀኝ በኩል ያለውን ክሪክ
ግማሽ ዙር ፈታሁ።
ግማሽ ብቻ። ሻይ እንዳይደፋ።

ሲመሽ መጣ። በሩ ላይ ቆመ።
ተረከዙን ጣል አድርጎ ወለሉን አዳመጠ።
«አፈሩ ነው» አለ፣ «ክረምት ሲገባ ያብጣል።»
«አፈሩ ነው» አልኩ።

መፍቻውን በችኮላ ደረጃው ሥር ጥዬው ነበር።
ጠዋት ባየው ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል፣
ጭቃው ተጠርጎለት።